የኢኩዊፕ ገንዘብ መቼ ነው የሚከፈለው?

በአሜሪካ ገጠር እርሻ የጀመሩ ሰዎችን ከሚያደናግሩት አንዱ ኢኩዊፕ የተባለው የፌዴራል ፕሮግራም ነው። አፈርና ውኃ ለሚጠብቅ ሥራ ገንዘብ ይሰጣል፤ ለከብት አጥር፣ ለመስኖ ማሻሻያ፣ ለፕላስቲክ ግሪንሃውስ። ብድር አይደለም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ እጅ አይገባም። መጀመሪያ በራስዎ ወጪ ይሠራሉ፣ የፕሮግራሙ ባለሙያ በደንቡ መሠራቱን ያያል፣ ከዚያ ይከፈልዎታል።

ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ከብቶች ወንዙን እንዳያደፈርሱ አጥር ለማጠር አመለከቱ እንበል። ባለሙያው መጥቶ መሬቱን አየ። እንጨት በቅናሽ አገኙና ቋሚ መትከል ጀመሩ። አለቀ! ውል ሳይፈረም ከጀመሩ፣ ቀድመው ልዩ ፈቃድ ካላገኙ በቀር፣ ለዚያ አጥር ሳንቲም አይሰጥም። ማመልከቻ ገባ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም።

ክፍያው የሚሰላው በደረሰኝዎ ሳይሆን አስቀድሞ በወጣ ተመን ነው። ጣሪያው ከተገመተው ወጪ 75 በመቶ ነው። እርሻ ከጀመሩ 10 ዓመት ያላለፋቸው ጀማሪዎች ግን እስከ 90 በመቶ ያገኛሉ። ቢያንስ ግማሹንም ቅድሚያ መውሰድ ይችላሉ፤ በ90 ቀን ውስጥ ሥራ ላይ ካላዋሉት ይመለሳል። ኪሱ ለሳሳ ገበሬ ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ይመስለኛል፤ ሳይጠይቁት የሚያልፉት ግን ብዙ ናቸው።

ከሁሉ በፊት የእርሻ ቁጥር፣ ማለትም እርሻዎ በመንግሥት መዝገብ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ያውጡ። የሚሰጠው ካውንቲዎን የሚያገለግለው የግብርና ሚኒስቴር ቢሮ ነው። የተከራዩት መሬት ከሆነ የኪራይ ውሉን ይዘው ይሂዱ።