ሬዲዮው ዝም ስላለ ብላክ ሆሉ ጠፋ ማለት አይደለም

ይህን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ አላስታውስም። ከኮከብ ጋር ተጣምሮ የሚዞርና የኮከቡን ጋዝ እየሳበ የሚበላ ብላክ ሆል ኤክስሬይም የሬዲዮ ሞገድም ይሰጠናል። ታዲያ ብዙ ሰው፣ የፊዚክስ ተማሪ ሳይቀር፣ «አንዱ ከጨመረ ሌላውም ይጨምራል» ብሎ ይደመድማል። ግማሹ ልክ ነው። የሚያናድደኝ ሌላው ግማሽ ነው።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ። «ኤክስሬዩ ከብላክ ሆሉ ውስጥ ይወጣል» ይላሉ። አይወጣም። የሚመጣው ገና ውጭ እየተሽከረከረ በሚሊዮን ዲግሪ ከሚግለው ጋዝ ነው። «ብላክ ሆል በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይውጣል» የሚለውም ስህተት ነው። ሳይግነስ ኤክስ-1 የሚባለው ብላክ ሆል ከፀሐይ 21 ጊዜ ገደማ ይከብዳል፣ ግን ጓደኛው ኮከብ በየ5.6 ቀኑ አንዴ እየዞረ አለ። የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ድምፅ አይደለም፤ ዓይናችን የማያየው ብርሃን ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሬዲዮው የሚመጣው ከጋዙ ዲስክ (ብላክ ሆሉን እንደ ሳህን ከብቦ ከሚዞረው ጋዝ) ሳይሆን ከጄቱ ነው። ጄት የሚባለው ከብላክ ሆሉ አጠገብ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ በከፍተኛ ፍጥነት የሚወረወረው ጅረት ሲሆን፣ ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች በመግነጢሳዊ መስክ ሲጠማዘዙ ሬዲዮ ይረጫሉ። ኤክስሬዩ ወደ ከፍተኛ ጉልበት ሲያደላ (ጠንካራው ሁኔታ እንለዋለን) ጄቱ ሳያቋርጥ ይፈሳል፣ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ያኔም ቢሆን እኩል አይራመዱም። ጂኤክስ 339-4 በሚባለው ብላክ ሆል ላይ ኤክስሬዩ 10 እጥፍ ሲያድግ ሬዲዮው 5 እጥፍ ገደማ ነው የሚያድገው።

ከዚያ ዲስኩ ያይላል፣ ኤክስሬዩ ወደ ዝቅተኛ ጉልበት የሚያደላበት ለስላሳው ሁኔታ ይመጣል። ኤክስሬዩ ደምቆ ይቆያል፣ የማያቋርጠው ጄት ግን ይጠፋል። ጂኤክስ 339-4 እ.ኤ.አ. በ1998 እዚህ ሁኔታ ውስጥ ሳለ ሬዲዮው ቢያንስ 25 እጥፍ ቀንሶ ነበር። ብላክ ሆሉ መብላቱን አላቆመም፤ እንዲያውም ጠግቦ እየበላ ነበር! ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ሲሻገር ደግሞ ሬዲዮው ድንገት ሊፈነዳ ይችላል፣ ምክንያቱም ያኔ ጄቱ እየተቆራረጠ ይወረወራል።

አብሬው የሠራሁ አንድ ተማሪ ኤክስሬዩ ደምቆ ሬዲዮው ባዶ ሲሆንበት ሁለት ሳምንት ሙሉ የመሣሪያ ብልሽት ሲፈልግ ከረመ። ብልሽት አልነበረም። የኤክስሬዩን ስፔክትረም (በየጉልበት ደረጃው ምን ያህል እንደሚደምቅ) መጀመሪያ ቢያየው ኖሮ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር። በእሱ አልፈርድም፤ «ሁለቱ ሁሌም አብረው ናቸው» ብለው ነው ያስተማሩት።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የሬዲዮ ልኬት እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ብላክ ሆሉ በዚያ ሰዓት በየትኛው ሁኔታ ላይ እንደነበር አጣሩ። ሰዓት ያልኩት በምክንያት ነው። ቪ404 ሳይግኒ የሚባለው ብላክ ሆል እ.ኤ.አ. በ2015 ሲነቃ ድምቀቱ በደቂቃና በሰዓት ልዩነት ነበር የሚቀያየረው፤ የትናንቱን ኤክስሬይ ከዛሬው ሬዲዮ ጎን ማስቀመጥ እዚያ ላይ አይሠራም።