የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት ምንድን ነው?

እናቴ ለሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን የገባች ቀን ስሟን ሦስት ሰው ጠየቃት። አልጋዋ ላይ እያለች አንዷ ሲስተር፣ በሩ ላይ ሌላዋ፣ ውስጥ ደግሞ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ። «ልጄ፣ ስሜ እኮ አልተቀየረም» አለችው። እኔ ውጭ ሆኜ በገንኩ፤ ካርዱ እጃቸው ላይ አይደል እንዴ ብዬ። ለካ ያበገነኝ ነገር እሷን የሚጠብቃት ነበር።

ቼክሊስቱን የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ናት፣ 19 ነጥቦች ያሏት። ሥራው ሦስት ጊዜ ቆም ይላል። ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ታካሚው ማን ነው፣ ምን ሊሠራለት ነው፣ ቀኙ ነው ግራው፣ አለርጂ አለበት ወይ፣ ብዙ ደም ሊፈሰው ይችላል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ሁሉም ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገራል፤ መከላከያ አንቲባዮቲክ ባለፉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ መሰጠቱም ይረጋገጣል። ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ ደግሞ የጎዙ (ደም የሚመጠጥበት ጨርቅ)፣ የመርፌውና የመሣሪያው ቆጠራ መሙላቱ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ካልሞላ የጎደለው ሆድ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላላ!

ይቺ ወረቀት በ8 አገሮች፣ በ8 ሆስፒታሎች ተሞከረች፤ ከለንደንና ከሲያትል እስከ ታንዛኒያዋ ኢፋካራ ድረስ። ውጤቱ በ2009 ሲወጣ ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ችግር ደግሞ ከ11 በመቶ ወደ 7 ወርዷል።

የካናዳዋ ኦንታሪዮ ግን ሌላ ታሪክ አላት። እዚያ ቼክሊስቱን ያስገቡ 101 ሆስፒታሎች ተጠንተው፣ ውጤቱ በ2014 ሲታተም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም። ብዙ አከራክሯል። በእኔ እምነት ወረቀት ላይ ራይት ማድረግና ቆም ብሎ መነጋገር ለየቅል ናቸው።

ስም መናገሩን ብዙዎች እንደ ትርፍ ነገር ያዩታል። እኔ ግን ትልቁ ነገር እሱ ይመስለኛል። «ዶክተሩ እያለ እኔ ምን አገባኝ» የሚል ፍርሃት እኛ አገር የታወቀ ነው። ገና ሥራ የጀመረች ነርስ መጀመሪያ ላይ ስሟን ተናግራ አፏን ከፈታች፣ በኋላ «ዶክተር፣ ቆይ፣ አንድ ጎዝ ጎድሏል» ለማለት ብዙም አይከብዳትም። ሰውየው ቢቸኩልም፣ ቢቆጣም፣ ወረቀቱ ተናገሪ ብሏታልና።

ኢትዮጵያም ውስጥ ጤና ሚኒስቴር ‹ሳልትስ› በሚባለው የቀዶ ሕክምና ማሻሻያ መርሃ ግብሩ ቼክሊስቱን አካቶታል። ስለዚህ እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ ኦፕሬሽን ከገባችሁ፣ አሥር ጊዜም ቢጠይቋችሁ መልሱ። ካልጠየቋችሁ ደግሞ ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፦ «የሚሠራልኝ ግራ ጉልበቴ ነው፣ ፔኒሲሊን አይስማማኝም።»