«ሞቆ ነው የጠፋው»፦ ስለ ጌም ኮምፒውተር ኃይልና ሙቀት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጨዋታው በተሟሟቀበት ሰዓት ኮምፒውተሩ ድርግም ሲል የመጀመሪያው ፍርድ ሁልጊዜ «ሞቆ ነው» የሚል ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ችኩል ፍርድ ነው።

«ድንገት ከጠፋ ሙቀት ነው»

ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይናገራል። ፕሮሰሰሩ የሙቀት ጣሪያው ላይ ሲደርስ (በብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100፣ በአብዛኞቹ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ) ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጨዋታው ይንቀራፈፋል፣ ፋኑ ይጮኻል። የሚጠፋው ይህ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ወደሚስማማ ኃይል የሚቀይረው ሳጥን) ግን አያስጠነቅቅም። ግራፊክስ ካርድ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ከተጻፈለት ዋት እጅግ የበለጠ ኃይል ሊስብ ይችላል፤ አቅሙ ያነሰ ወይም ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ያን ጊዜ ራሱን ይዘጋል።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ኤችደብሊው ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የሙቀቱን መጠን እየተከታተለ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ከመጥፋቱ በፊት የተጻፈው የመጨረሻ መስመር የፕሮሰሰሩንም የግራፊክስ ካርዱንም ሙቀት 70 ዲግሪ አካባቢ ካሳየ፣ ጥርጣሬያችሁን ወደ ኃይሉ አዙሩ።

«ዊንዶውስ ከርነል ፓወር 41 ካለ ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል»

ከርነል ፓወር 41 ዊንዶውስ በራሱ የክስተት መዝገብ ላይ የሚጽፈው ማስታወሻ ነው፤ የሚናገረውም ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው። መብራት ቢሄድም ያው 41 ይጻፋል። የእህቴ ልጅ ይህን ቁጥር አይቶ ለአዲስ ፓወር ሰፕላይ ወራት ሙሉ ገንዘብ አጠራቀመ። ጥፋቱ የተገኘው ሶኬቱ የላላ ዲቫይደር ላይ ነበር። ያ ልጅ የደከመበት ገንዘብ ዛሬም ይቆጨኛል፤ መጀመሪያ ከግድግዳው ጀምሩ የምለውም ለዚህ ነው።

«80 ፕላስ የሚል ምልክት ካለው አስተማማኝ ነው»

ፓወር ሰፕላይ ላይ የሚለጠፈው ይህ ምልክት የሚመሰክረው ስለ ኃይል ብክነት ነው። 80 በመቶ ቅልጥፍና ያለው ፓወር ሰፕላይ ለኮምፒውተሩ 400 ዋት ለመስጠት ከግድግዳው 500 ይወስዳል፤ ቀሪው 100 ሙቀት ይሆናል። ስለ መከላከያዎቹ ጥራት ምልክቱ ምንም አይልም።

«ዩፒኤስ ስላለኝ አልሰጋም»

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪው ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) መግዛት ተገቢ ነው፤ ለምሳሌ ሳጥኑ ላይ 650 ቢል ግን ቁጥሩ ቪኤ (ቮልት-አምፔር) እንጂ ዋት አይደለም። እንዲህ ያለው ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚችለው ከ400 ዋት በታች ነው፤ ጨዋታ ላይ ያለ ኮምፒውተር ይህን በቀላሉ ያልፋል። በተጨማሪም ርካሾቹ ዩፒኤሶች የሚሰጡት የኤሌክትሪክ ሞገድ የተስተካከለ ስላልሆነ፣ አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ በሚዞርበት ቅጽበት ይጠፋሉ።

«አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ሙቀት አያሳስብም»

ቅዝቃዜው ይረዳል። ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት ሲዞር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የኬዙን ጎን ለ20 ደቂቃ ከፍታችሁ ሞክሩ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከወረደ የአየር መግቢያው ታፍኗል ማለት ነው። አቧራውን አጽዱ፣ የፋኖቹን አቅጣጫ ተመልከቱ፣ ከዚያ ኬዙን መልሳችሁ ግጠሙት።

«ፓወር ሰፕላዩንም ፈትቼ ላጽዳው»

እባካችሁ አትፍቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) አደገኛ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ነቅላችሁ፣ ፋኑ እንዳይዞር በቀጭን እንጨት ይዛችሁ፣ አቧራውን ከውጭ በነፋስ አስወጡ፤ ብሎኖቹን ግን አትንኩ።