የሐዋሳ ሐይቅ አረንጓዴ ሲሆን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ሁሉ ስለ ሐይቁ ቀለም አስተያየት አያጣም። አንዱ «ተበክሏል፣ አለቀለት» ይላል። ሌላው «ድሮም እንዲህ ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ሁለቱም ቀለሙን እንጂ ቀለሙን የሰጠውን ነገር አላዩትም።

ያ አረንጓዴ ነገር በአብዛኛው ፋይቶፕላንክተን ነው። በዓይን ለየብቻ የማይታዩ፣ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ፣ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁ፣ በተለምዶ አልጌ የምንላቸው ደቂቅ ፍጥረታት ናቸው። ስለ እነሱ ብዙ የተጻፈው በባሕር ዳርቻዎች እና ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልባቸው ቦታዎች ነው። እኛ ደግሞ ባሕር የለንም (እሱን ጨዋታ እዚህ ባንጀምረው ይሻላል)። ግን ጥቁር ውሃ ወንዝ ሐይቁን የሚቀላቀልበትን ቦታ ያየ ሰው ነገሩ ሩቅ እንዳልሆነ ይገባዋል። ወንዙ ከላይ የሰበሰበውን ሁሉ አምጥቶ እዚያ ያራግፋል። ጨው የለበትም እንጂ ሥራው ያው ነው።

«ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ተበክሏል ማለት ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱና ቆሮሶ የሚባለው አሳ ሲበለት ተመልከቱ። ልጆቹ ሆዱን ሰንጥቀው ሲጎትቱት ረጅም፣ ቀጭን፣ የተጠቀለለ አንጀት ይወጣል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ተሻምተው ሳይውጡት በፊት ልብ ብላችሁ እዩት፤ ውስጡ ጥቁር አረንጓዴ ነው። የቆሮሶ ዋና ቀለብ ይሄው ፋይቶፕላንክተን ነው። የጨጓራው አሲድ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ብዙ አሳ የማይፈጨውን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ሳይቀር ይፈጫል። አረንጓዴው ባይኖር ጥብሱም ሾርባውም ባልኖረ።

ሻላ ሐይቅ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሐይቅ፣ ጪቱን ደግሞ ውሰዱ። ውሃዋ አረንጓዴ ብቻ አይደለም፤ ጭራሽ ወፍሯል። ቀለሙ የመጣው ግን ከፋብሪካ አይደለም። ሶዳ የበዛበት ውሃ የሚስማማው ስፒሩሊና የተባለ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ነው ያን ያደረገው። ፍላሚንጎዎቹ እሱን ፍለጋ ይመጣሉ። ሰውም ቢሆን በሌላ አገር እያመረተ በእንክብል ይሸጠዋል።

ስለዚህ ሐኪም ስለ ትኩሳት እንደሚጠይቀው እኛም መጠየቅ ያለብን፦ የትኛው ዓይነት ነው? ምን ያህል ነው? ከመቼ ጀምሮ በዛ?

«እንግዲያው አረንጓዴ ያልሆነ ውሃ ጤነኛ ነው»

አርባ ምንጭ ከፍታው ላይ የቆመ ሰው መልሱን በአንድ እይታ ያገኘዋል። አባያ ቀይ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ወደ አረንጓዴው ያደላል። በመካከላቸው ያለው የእግዜር ድልድይ ብቻ ነው። አባያ ላይ አልጌ የሚያንሰው ውሃው ንጹሕ ስለሆነ ሳይሆን ደለሉ ብርሃን ስለከለከለው ነው። ምግቡ አለ፣ ፀሐይ የለም። ጭቃ የሚሸከሙ ትላልቅ ወንዞች ባሕር በሚገቡበት ቦታም እንዲሁ ነው። አፉ ላይ ብዙ አልጌ አይታይም፤ ራቅ ብሎ ደለሉ ሲሰክን ነው ድንገት የሚፈነዳው። ክረምት ላይ ጥቁር ውሃ አካባቢ ሐይቁ ቡናማ ሲሆን «እሰይ፣ አረንጓዴው ጠፋ» ለማለት አትቸኩሉ።

«ያው እምቦጭ ነው»

አይደለም። እምቦጭ አበባ ያለው፣ ሥሩ የሚንጠለጠል፣ በእጅ የሚነቀል ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ይፋ ከሆነ ወዲህ የውሃ ችግር ሁሉ በእሱ ስም ይጠራል። ፋይቶፕላንክተንን በዘመቻ ወጥታችሁ አትነቅሉትም። የሚያመሳስላቸው ሁለቱም በተመሳሳይ ምግብ፣ በናይትሮጅን እና በፎስፈረስ መፋፋታቸው ነው።

«ኦክስጅን ስለሚሰጥ በበዛ ቁጥር ለአሳው ይሻላል»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። በዓለም ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉ የባሕር ፋይቶፕላንክተን ሥራ ነው። ስህተቱ «በበዛ ቁጥር» የሚለው ላይ ነው።

ቀን ኦክስጅን ያመርታል። ሌሊት ብርሃን ሲጠፋ ማምረቱን ያቆማል፤ መተንፈሱን ግን አያቆምም። ከልክ በላይ በበዛበት ውሃ ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ጎህ ሲቀድ ነው። አሳ ማለዳ ላይ አፉን ከውሃ እያወጣ አየር ሲምግ ካያችሁ ሌሊቱን ሲታፈን አድሯል ማለት ነው።

የባሰው የሚመጣው አልጌው ሲሞት ነው። ወደ ታች ይሰምጣል፣ ባክቴሪያ ያበሰብሰዋል፣ ማበስበሱ ደግሞ ኦክስጅን ይጨርሳል። ሚሲሲፒ ወንዝ ከእርሻ ማሳዎች ያጠበውን ማዳበሪያ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሲያራግፍ በየበጋው የሚፈጠረው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሥር ኦክስጅን ያነሰበት ስፍራ ከ22,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ በጠቅላላው 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ለእኛ ቀረብ የሚለው የቢሾፍቱ ጉዳይ ነው። እዚያ ያሉት ሐይቆች ጥልቅ ስለሆኑ ሥር ያለው ውሃ ኦክስጅን ሳያገኝ ይከርማል። የኅዳር እና የታኅሣሥ ብርድ ላዩን ሲያቀዘቅዘው የታችኛው ውሃ ይገለበጣል፤ አሳውም በጅምላ ሞቶ የሚንሳፈፍበት ጊዜ አለ። ያኔ «መርዝ ጨመሩበት» የሚል ወሬ አይጠፋም። ሐዋሳ ጥልቀቱ ቢበዛ 22 ሜትር ያህል ነው፤ ነፋሱም ቶሎ ቶሎ ያማስለዋል። በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን።

«ካፈሉት ምንም አይልም»

በዚህኛው ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ከሁሉም የከፋ ስህተት ይሄ ነው።

ማፍላት ባክቴሪያ እና ጥገኛ ትል ይገድላል። ትክክል ነው፣ አፍሉ። ግን ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉት (ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የምንላቸው) አንዳንዶቹ መርዝ ይሠራሉ። ቆቃ ሐይቅ ላይ ስሙ የገነነው፣ ሐዋሳም ላይ ያለው ማይክሮሲስቲስ አንዱ ነው። ማይክሮሲስቲን የተባለው መርዙ ጉበት ይጎዳል፤ በፈላ ውሃም አይጠፋም። እንዲያውም ሲፈላ ሴሉ ስለሚፈነዳ ውስጥ የነበረው መርዝ ወደ ውሃው ይለቀቃል። የስምጥ ሸለቆ ሰው ይህን ነገር ከፍሎራይድ ያውቀዋል፤ እሱም ቢያፈሉት አይለቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሰው ዕድሜ ልኩን ለሚጠጣው ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ብራዚል ውስጥ ካሩዋሩ በምትባል ከተማ ይህ መርዝ ያለበት ውሃ በኩላሊት እጥበት በኩል ደም ውስጥ ገብቶ ከ50 በላይ ሕሙማን ሞተዋል።

ይህ ማለት ሐይቁ ሁሌም መርዛማ ነው ማለት አይደለም። ማይክሮሲስቲስ ያለበት ሁሉ መርዝ አለበት ማለትም አይደለም። ግን ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ዳር ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ የሚመስል ነገር ተጋግሮ ካያችሁ ከብት አታጠጡበት፣ ልጆችም አይንቦጫረቁበት። ነፋሱ ከመላው ሐይቅ ጠራርጎ አንድ ዳር ላይ ስለሚያከማቸው እዚያ መጠኑ በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል መለያ አለ። ጓንት አድርጋችሁ ከዳር በባዶ ሃይላንድ ውሃ ቅዱ። እስከ አፉ አትሙሉት። ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ሳትነኩት ይደር። ደለሉ እና አብዛኛው ሌላ አልጌ ወደ ታች ይወርዳል። ሳያኖባክቴሪያ ግን ሴሉ ውስጥ በአየር የተሞሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሉት ከላይ ወጥቶ አረንጓዴ ቀለበት ይሠራል። ይህ መኖሩን እንጂ መርዙን አይነግራችሁም። እሱ የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

አሳውስ? መርዙ ካለ በብዛት የሚጠራቀመው ጉበቱ እና አንጀቱ ውስጥ ነው፤ ሥጋው ላይ በጣም ያንሳል። አንጀቱን በደንብ አውጥቶ ማጠብ ትልቅ ነገር ነው። ጥሬውን በዳጣ የምትወዱ ጥገኛ ትሉን ፍሩ፤ አልጌው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

«ጥፋቱ የፋብሪካ ነው»

ፋብሪካ ከደሙ ንጹሕ ነው አልልም። ቀለም እና ኬሚካል ሌላ ጣጣ አላቸው። አልጌውን የሚቀልበው ግን በዋናነት ናይትሮጅን እና ፎስፈረስ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በአንድ በር ብቻ አይገቡም። ከተራቆተ ኮረብታ ታጥቦ የሚመጣ አፈር ፎስፈረስ ይዞ ይመጣል። ከማሳ የሚተርፍ ማዳበሪያ አለ። የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ። የከተማችን የጎርፍ ቦይ ክረምት ላይ ምን ተሸክሞ ሐይቅ እንደሚገባ ለማየት ከዝናብ በኋላ አንዴ ዳሩን መዞር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ ነው የተሠራው። የእኛ ቦይ እንዲህ ዓይነት ሐሳብ አልታሰበለትም።

በነገራችን ላይ ፎስፈረስ ያለው ጉልበት በዓይን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ዴቪድ ሺንድለር እና ባልደረቦቹ አንድ ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉ። ሁለቱም ወገን ካርቦን እና ናይትሮጅን ተጨመረበት፤ ፎስፈረስ ግን ለአንዱ ብቻ። ከአየር ላይ በተነሳው ፎቶ ፎስፈረስ ያገኘው ወገን ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ባሕር ዳርቻ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያንሰው ናይትሮጅን ስለሆነ እዚያ ልጓሙ እሱ ነው። በሞቃት አገር ሐይቆችም የናይትሮጅን ድርሻ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አንዱን ይዞ ሌላውን መርሳት አያዋጣም።

ሌላው የሚረሳው ጨለለቃ ነው። ጥቁር ውሃ ሐይቁ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለው ይህ ረግረግ ደለሉንም ፎስፈረሱንም ያስቀር ነበር። በደለል እና በእርሻ በጠበበ ቁጥር ማጣሪያው አብሮ ጠበበ። እኔን ብትጠይቁኝ ስለ ሐይቁ የሚደረግ ስብሰባ ሁሉ ከጨለለቃ ቢጀምር እወዳለሁ።

«ፍሳሹ ዛሬ ቢቆም በዓመቱ ይጠራል»

አሜሪካ፣ ሲያትል ያለው ዋሽንግተን ሐይቅ በፍሳሽ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1968 ፍሳሹን በቧንቧ ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሱት፤ ሐይቁም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠራ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ያ ሐይቅ ውሃው ወደ ባሕር ይወጣለታል። ሐዋሳ ግን መግቢያ እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው ፎስፈረስ ሥሩ ላይ ከደለሉ ጋር ይቀመጣል፤ ኦክስጅን ባነሰ ቁጥርም ተመልሶ ይወጣል። ማቆሙ ግዴታ ነው፤ ውጤቱ ግን ዓመታት ይፈልጋል።

«መለካት የሳይንቲስት ሥራ ነው»

ክሎሮፊል (የአልጌውን አረንጓዴ ቀለም) እና መርዝ መለካት፣ አዎ። ውሃው ምን ያህል እንደጠራ በግርድፉ ለመከታተል ግን ጀልባ ያለው ሁሉ ይችላል። አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣልያናዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1865 የሞከረው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሳህን ጥቁርና ነጭ ቀብታችሁ፣ ክብደት አስራችሁ፣ ምልክት ባለው ገመድ ታወርዱታላችሁ። ከዓይን የጠፋበትን ጥልቀት ትመዘግባላችሁ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጀልባው ጥላ በጣለበት በኩል። ሳህኑ አልጌውን ከደለል ስለማይለይ ከቁጥሩ አጠገብ ውሃው አረንጓዴ ወይም ቡናማ መሆኑንም ጻፉ።