ስለ ብልሃርዚያና ስለ ትምህርት ቤቱ ክኒን፦ የሚባለውና እውነቱ

ከባሕር ዳር እስከ ዘጌና ጎርጎራ፣ በጣና ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች የብልሃርዚያ ክኒን በሚያድሉበት ቀን ልጃቸውን ቤት የሚያስቀሩ ወላጆች አሉ። ምክንያታቸው ልጅን ከመውደድ የሚመጣ ፍርሃት ነው፤ መልስ ይገባዋል።

«የሐይቁን ውሃ ካልጠጣ አይዘውም።»
ብልሃርዚያ በትል የሚመጣ በሽታ ነው፤ ትሉ የሚገባውም በቆዳ ነው። የታመመ ሰው ውሃ ዳር ሲጸዳዳ በሰገራው የወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈለፈልና ደንገልና ሣር ሥር የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። ከሳምንታት በኋላ በዓይን የማይታዩ እጮች ሆኖ ይወጣል፤ ቆዳ ለመብሳት ደቂቃዎች ይበቁታል። እጮቹ በብዛት የሚወጡት ከጠዋቱ 4 እስከ 8 ሰዓት ገደማ ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ተለቀው የሚዋኙትም በዚሁ ሰዓት ነው! ለገላ የተቀዳ ውሃ ተከድኖ 2 ቀን ካደረ እጮቹ ይሞታሉ። ለመጠጥ ግን መፍላት አለበት።

«ሽንቱ ደም የለውም፣ ስለዚህ ጤነኛ ነው።»
በጣና ዙሪያ ያለው የአንጀት ብልሃርዚያ ነው። እንቁላሉ የሚገኘው በሰገራ ምርመራ ነው፤ ደም ከታየም በሰገራ ላይ ነው። ብዙ ልጆች ምንም ሳያሳዩ ጉበታቸው ቀስ በቀስ ይጎዳል።

«ክኒኑ ልጆቹን አሳመማቸው።»
ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ቁርጠትና ማዞር ያጋጥማል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ትሎቹ ሲሞቱ ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ነው፣ ብዙ ትል ያለበት ልጅ ላይም ይበረታል። የሚያባብሰው ባዶ ሆድ ነው። በጾም ወቅት ቁርስ ሳይቀምሱ የሚመጡ ልጆች የሚቸገሩት ለዚህ ነው፤ የጾም ቂጣም ሆነ ሽሮ ፍትፍት ይበቃል፣ ብቻ ይብሉ። መምህሩም ክኒኑን ከማደሉ በፊት «ማን አልበላም?» ብሎ ይጠይቅ።

መጠኑ በግምት አይሰጥም፤ ልጁ በመለኪያ እንጨት ይለካል። ክኒኑ 600 ሚሊ ግራም ነው። ለምሳሌ ከ94 እስከ 110 ሴ.ሜ ቁመት ላለው 1፣ ከ125 እስከ 138 ላለው 2፣ ከ150 እስከ 160 ላለው 3 ይሰጠዋል። መራራ ስለሆነ ሳይታኘክ በብዙ ውሃ ይዋጣል። የሚያለቅስን ልጅ አፍንጫውን ይዞ ማስዋጥ ግን ያንቃል፤ ፈጽሞ አይደረግ። በዕለቱ ትኩሳት ያለው ልጅም ሲሻለው ይውሰድ።

«ኮሶ ስለጠጣ አያስፈልገውም።»
ኮሶ የሚጠጣው ከጥሬ ሥጋ ለሚመጣው ትል ነው። የብልሃርዚያ ትል የሚኖረው በደም ሥር ውስጥ ስለሆነ ኮሶ አይደርስበትም።

«አምና ወስዷል።»
ክኒኑ ክትባት አይደለም። ገና ያላደጉ ትሎችንም በደንብ አይገድልም፤ ልጁ ደግሞ በነጋታው ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዕደላው በመጣ ቁጥር መውሰድ አለበት።

«የማይማር ልጅን አይመለከትም።»
ከብት ይዞ በየቀኑ ሐይቁ ውስጥ የሚገባው እረኛ ከተማሪው ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በዕደላው ቀን ቁርሱን አብልታችሁ ከወንድሙ ጋር ላኩት።