የማን ጭንቅላት ይበልጣል?

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር አይለያችሁ።

እዚህ ሐዋሳ ከጉባኤ በኋላ ወደ ፍቅር ሐይቅ ዳር የሚወርዱ የዩኒቨርሲቲ ልጆች አሉ። አንድ ቀን አንዱ የኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ «ያልተመለሰ ጸሎት ካልተጸለየ በምን ይለያል?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ኢዮብም በራሱ መንገድ ጠይቆታል። ከጎኑ የነበረው ወንድም ግን ጊዜ አላጠፋም፦ «ሰነፍ በልቡ፦ አምላክ የለም ይላል።» ሳቅ ሆነ። ልጁም ከዚያ ወዲህ ጉባኤ ላይ አልታየም።

እስኪ መዝሙሩን ወረድ ብለን እናንብበው። መዝሙረ ዳዊት 13 ነው፣ በሌላው አቆጣጠር 14። ስለ ሰነፉ ትምህርት ደረጃ አንድም ቃል የለም። «በሥራቸው ረከሱ» ይላል፤ ቁጥር 4 ላይ ደግሞ «ሕዝቤን እንደ እንጀራ የሚበሉ»። ደግሞም ሰነፉ «አምላክ የለም» ያለው በልቡ ነው፤ በአፉማ ውዳሴ ማርያም ሊደግም ይችላል። ጾም የማይሽር፣ ማኅበር የሚጠጣ ሰው የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ ሲያስቀር የሚያየው እንደሌለ ቆጥሮ ነው። እንግዲህ ጥቅሱን ወደ ግቢው ልጅ ከመወርወራችን በፊት ቤታችንን እንይ።

በደርግ ዘመን ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው፣ የነቃ ሰው አያምንም ይባል ነበር። በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም። ሕዝብን እንደ እንጀራ መብላት ይህ ነው። ጠያቂውን ተማሪ ግን ከእነዚያ ገዳዮች ጋር መደመር ግፍ ይሆናል።

«አማኞች በእውቀት ያንሳሉ» የሚሉን ማስረጃም ያቀርባሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ዙከርማን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 63 ጥናቶችን ገምግሞ፣ የአእምሮ ፈተና ውጤት ከፍ ሲል ሃይማኖተኝነት በአማካይ ዝቅ እንደሚል ጽፏል። ጥናቱን መካድ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ተጠኚዎች አሜሪካውያን ናቸው፤ አማካይ ደግሞ ስለ አንድ ሰው አይፈርድም። እግዚአብሔር አለ ወይ ለሚለውማ ከነጭራሹ መልስ የለውም።

እኛም ቶሎ ብለን የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል መነኩሴ ነበር፣ በ1927 እ.ኤ.አ. ጽንፈ ዓለም እየሰፋ ነው ያለው ለሜትር ካህን ነበር እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ዝርዝሩን ባሳጠርነው እመርጣለሁ። በዚያው የጭንቅላት ሚዛን ላይ መውጣት ነውና። ነገ የማያምኑት ዝርዝር ቢረዝም ልንክድ ነው?

ሐዋርያት ሥራ 26 ላይ ሮማዊው ገዥ ፊስጦስ በታላቅ ድምፅ «ጳውሎስ ሆይ፥ አብደሃል እኮ» አለው። ጳውሎስ በታላቁ የሕግ መምህር በገማልያል እግር ሥር የተማረ ሰው ነው፤ ግን ትምህርቱን አልቆጠረበትም። «ክቡር ፊስጦስ ሆይ» ብሎ ነው የመለሰለት፤ ወዲያውም የሚሰሙት ሁሉ ከእስራቱ በቀር እንደ እርሱ እንዲሆኑ ለመነላቸው።

ያን ልጅ የምታውቁት ደውሉለት፣ ሻይ ጋብዙት። ጥያቄውን እስኪጨርስ ጥቅስ አታውጡ። ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ «መምህራንን ጠይቄ እነግርሃለሁ» በሉት፤ ከዚያ ደግሞ በእውነት ሄዳችሁ ጠይቁ።