የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፦ ከጦርና ከቀንድ እስከ አሜሪካ ፉትቦል ሜዳ

አባባሉ አራት ቃል ብቻ ነው፤ አራቱም የወጡት ከሁለት ግሥ ነው። «ወጋ» በአድራጊና በተደራጊ ተገለባብጦ የወጋ፣ የተወጋ ይሆናል፤ «ረሳ» ደግሞ ቢረሳ፣ አይረሳም ይሆናል። ማን ማንን በምን እንደወጋ አይነገርም። ስም ስለሌለበትም ከጎረቤት ኩርፊያ እስከ አገር ጦርነት ድረስ አንድም ፊደል ሳይለወጥ ይገባል።

ዋናው ነገር ያለው «ቢረሳ» ላይ ነው። የወጋ ይረሳል አልተባለም። ወጊው ይርሳውም አይርሳውም አባባሉ አይጨነቅበትም፤ እርግጠኛ የሚሆነው ስለ ተወጋው ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰው መጨረሻውን በጥያቄ ይዘጋዋል፦ «የተወጋ መቼ ይረሳል?» ይላል። ትርጉሙ ያው ነው።

«ወጋ» የጦር ብቻ ቃል አይደለም። እሾህ ይወጋል፣ መርፌ ይወጋል፣ በሬም በቀንዱ ይወጋል። ውጊያ፣ ተዋጊ፣ ወጊ ከዚሁ ሥር ናቸው፤ ጎንን ቀስፎ የሚይዘው ውጋትም እንዲሁ። በውጋት ጊዜ ጦሩም ወጊውም የሉም፣ ጎን ግን እንደ ጦር ይወጋል። አባባሉ የተቋጠረው በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው፤ ጦር ተሸክሞ በሚሄድ፣ በሬ ጠምዶ በሚያርስ ሰው ኑሮ ውስጥ። የወጋው ጦሩን ነቅሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቁስሉ ግን ከተወጋው ጋር ያድራል፤ ብርድ በመጣ ቁጥር ይጠዘጥዛል፣ ሸክም ለማንሣት ባጎነበሰ ቁጥር ያስታውሰዋል። ተወጊው የማይረሳው ቂመኛ ስለሆነ አይደለም። ገላው ስለማያስረሳው ነው።

ይህን በዓይን ማየት የፈለገ የአሜሪካ ፉትቦልን ይመልከት። በእኛ እግር ኳስ መጋጨት የጨዋታው ጥፋት ነው፤ በዚያ ግን መጋጨት ሥራ ነው። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ስልሳ ጊዜ ያህል ኳስ ያስነሣል፣ በእያንዳንዱም ሰው ከሰው ይላተማል። ለመቺው የዛሬው ምት ከስልሳው አንዱ ነው። ፊሽካ ይነፋል፣ ይነሣል፣ ለሚቀጥለው ይሰለፋል። ስለዚህ «ቢረሳ» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ ላይ ከባድ እውነት አለው፤ መርሳት የሙያው አንድ ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኦገስት 12 ቀን 1978 በኦክላንድ ስታዲየም የተደረገው ጨዋታ ለነጥብ እንኳ አልነበረም፤ የውድድር ዘመኑ ሳይጀምር የሚደረግ የዝግጅት ጨዋታ ነበር። የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ኳስ ተቀባይ ዳሪል ስቲንግሊ ዕድሜው 26 ነበር። ወደ ሜዳው መሃል ሰያፍ ሮጠ። የተወረወረችው ኳስ ከፍ ብላ መጣች፤ እጁን ዘርግቶ ተወረወረላት። ሁለት እጅ ወደ ፊት፣ ራስ ወደ ፊት፣ ዓይን ኳስ ላይ፤ ደረቱንም አንገቱንም የሚሸፍን ነገር የለም። የኦክላንድ ሬደርስ ተከላካይ ጃክ ቴተም ከፊት ለፊቱ መጥቶ መታው። ኳሷ ሳትያዝ ወደቀች። የስቲንግሊ አራተኛና አምስተኛ የአንገት አጥንቶች ተጎዱ፤ ከዚያ ምሽት ጀምሮ እጅና እግሩ ሽባ ሆኑ። በዚያ ምት ላይ አንድም ዳኛ ጥፋት አልጠራም፤ በወቅቱ ሕግ ጥፋት አልነበረምና።

አሁን ያ ቅጽበት በሕጉ ውስጥ ስም አለው፦ ራሱን መከላከል የማይችል ተጫዋች። ኳስ ለመያዝ የተዘረጋ ሰው፣ ኳስ እየወረወረ ያለ ኳርተርባክ (የአጥቂው ቡድን ኳስ ወርዋሪ)፣ ከጎን የሚመጣበትን የማያይ ሰው እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ያለውን ተጫዋች ራሱን ወይም አንገቱን በኃይል መምታት፣ በሄልሜት (በራስ ቁር) መውጋትም ክልክል ነው። ለምን ሄልሜት? ሰው አንገቱን ቀና ሲያደርግ የአንገቱ አጥንት በተፈጥሮ ትንሽ ደጋን አለው፤ ምቱን እንደ ስፕሪንግ ይቀበላል። ራሱን ደፍቶ ሲመታ ደጋኑ ይቀናና አንገቱ እንደ በትር ይሆናል፤ የምቱ ኃይል በቀጥታ በአጥንቱ ላይ ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን የሚሰበረው ብዙ ጊዜ የመቺው አንገት ነው። አሰልጣኞች «ራስህን ቀና አድርግ፣ በትከሻህ ግባ» የሚሉት ለተመቺው ብቻ አዝነው አይደለም።

ሕጎቹ ራሳቸው የተወጉ ሰዎች ማስታወሻ ናቸው ማለት ይቻላል። በ2008 የፒትስበርጉ ሃይንስ ዋርድ ሲመጣበት ያላየውን የሲንሲናቲ ተከላካይ ኪት ሪቨርስን ከጎን መትቶ መንጋጋውን ሰበረ፤ ጥፋት አልተባለም። በ2009 እንዲህ ያለው ምት ራስ ላይ እንዳያርፍ ተከለከለ፣ ተመልካቹም «የሃይንስ ዋርድ ሕግ» አለው። በዚያው በ2008 የኒው ኢንግላንዱ ኳርተርባክ ቶም ብሬዲ ጉልበቱን ተመትቶ የውድድር ዘመኑን ሙሉ አጣ፤ መሬት ላይ የወደቀ ተከላካይ ወደ ኳርተርባክ ጉልበት እንዳይወረወር የሚያግደው ማብራሪያ በማግስቱ ዓመት ወጣ፣ እሱም «የብሬዲ ሕግ» ተባለ። አንዱ በወጊው ስም ተጠራ፣ ሌላው በተወጊው። ሪቨርስን በሕጉ ስም የሚያስታውሰው የለም፤ ይህ ልክ አይመስለንም።

ቅጣቱ እንዲህ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ሰባት ዳኞች አሉ፤ ጥፋት ያየው ቢጫ ጨርቅ ይወረውራል። (እግር ኳስ የለመደ አንባቢ እንዳይሳሳት፦ ይህ እንደ ቢጫ ካርድ ማስጠንቀቂያ አይደለም፣ ጥፋት ታይቷል ማለት ብቻ ነው።) አላስፈላጊ ጭካኔ 15 ያርድ ያስቀጣል፣ ወደ 14 ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ ያጠፋው ተከላካይ ከሆነ ደግሞ አጥቂው ቡድን አራት ሙከራ እንደ አዲስ ይሰጠዋል። ከ2016 ጀምሮ በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ከስፖርታዊ ጨዋነት ውጭ በመሆን የተቀጣ ከሜዳ ይሰናበታል። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ሊጉ (ኤን.ኤፍ.ኤል.) ቢሮ ይዛወራል። እዚያ ፊልሙ ምት በምት ይታያል፤ ዳኛ ያላየውም ይያዛል። የገንዘብ መቀጮው ልክ ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር በተስማሙበት ሰንጠረዥ አስቀድሞ ተወስኗል፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠፋም ከፍ ይላል። ተጫዋቹ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ይግባኙን የሚሰሙት ሊጉና ማኅበሩ በጋራ የሾሟቸው የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው። እገዳ ሲሆን ጉዳቱ ይከብዳል፣ የታገደ ሰው ለዚያ ሳምንት ደመወዝ የለውምና።

የዚህ ሁሉ ጥቅም አንድ ነው፦ ወጊው ቢረሳ መዝገቡ አይረሳም። የኦክላንድ ሬደርስ ተከላካይ ቮንቴዝ በርፊክት ሴፕቴምበር 29 ቀን 2019 የኢንዲያናፖሊሱን ጃክ ዶይል በሄልሜቱ ራሱን ሲመታው፣ ምቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አያስቀጣም ነበር። ግን በ2016ም በ2017ም ሦስት ሦስት ጨዋታ ታግዶ ነበር። በማግስቱ የቀሩትን 12 ጨዋታዎች በሙሉ ታገደ። የዴንቨሩ ካሪም ጃክሰን በ2023 አራት ጨዋታ ታግዶ በይግባኝ ወደ ሁለት ወረደለት፤ በተመለሰበት በመጀመሪያው ጨዋታ ሌላ ሰው በሄልሜቱ መታ፣ እንደገና አራት ጨዋታ ታገደ። «የወጋ ቢረሳ» ማለት ይኸው ነው፤ አንድ ጨዋታ እንኳ አልቆየበትም።

የኦሪት ሕግም ስለ ወጊ በሬ እንዲሁ ይላል። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ነጻ ነው። በሬው ከዚያ በፊትም ወጊ እንደነበረ ታውቆ፣ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ባለቤቱም ይጠየቃል። በኒው ኦርሊየንስ ሴይንትስ ላይ የሆነው ይህ ነው። ሊጉ በ2012 ይፋ ባደረገው ምርመራ መሠረት፣ ከ2009 እስከ 2011 በመከላከል አሰልጣኙ ግሬግ ዊሊያምስ አመራር የሚንቀሳቀስ የሽልማት ገንዘብ ነበር፦ ተጋጣሚን ከጨዋታ ውጭ ላደረገ 1,500 ዶላር፣ በሰው ድጋፍ ወይም በጋሪ እንዲወጣ ላደረገ 1,000 ዶላር። ዋና አሰልጣኙ ሾን ፔይተን አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ያለ ደመወዝ ታገደ፣ ዊሊያምስ ላልተወሰነ ጊዜ ታገደ፣ ክለቡ 500,000 ዶላር ተቀጣ። አራት ተጫዋቾችም ታግደው ነበር፤ ይግባኙን የሰሙት የቀድሞው የሊጉ ኮሚሽነር ፖል ታግሊያቡ ግን በዲሴምበር 2012 የተጫዋቾቹን ቅጣት ሻሩ፣ ዋናውን ጥፋትም ወደ አሰልጣኞቹ መለሱ። በሬውን ሳይሆን ባለቤቱን ጠየቁ።

አባባሉ የማይገባበትም ቦታ አለ። ኖቬምበር 23 ቀን 1986 የግሪን ቤይ ፓከርሱ ቻርልስ ማርቲን፣ ኳሱ ተወርውሮ ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ፣ የቺካጎውን ኳርተርባክ ጂም ማክማሆንን ከኋላ አቅፎ አነሣና በትከሻው መሬት ላይ ጣለው። ማርቲን በወገቡ ላይ ባንጠለጠለው ፎጣ የቺካጎ ተጫዋቾች ቁጥሮች በእጅ ተጽፈው ነበር፤ የማክማሆን 9 ቁጥር አንዷ ናት። ከሜዳ ተባረረ፣ ሁለት ጨዋታም ታገደ። እንዲህ ላለው ሰው «የወጋ ቢረሳ» ማለት ማቃለል ነው። ላለመርሳት ብሎ ጽፎ ነው የገባው።

ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ግን አባባሉን የበቀል ፈቃድ አድርጎ መጥራት ነው። «የተወጋ አይረሳም» ብሎ ጦሩን የሚያነሣ ሰው አለ። አባባሉ አይረሳም አለ እንጂ መልሶ ይውጋ አላለም። በፉትቦል ሜዳ ይህ ስሕተት ዋጋው በቁጥር ይታወቃል። ዳኛ ብዙ ጊዜ የሚያየው ሁለተኛውን ምት ነው፤ የመጀመሪያው የተፈጸመው ዓይኑ ኳስ ላይ ሳለ፣ ወይም ሰው በሰው ላይ ተከምሮ ጣት በሚጠመዘዝበት ክምር ውስጥ ነው። ኖቬምበር 14 ቀን 2019 ክሊቭላንድ ፒትስበርግን አሸንፎ ሊወጣ 8 ሰከንድ ቀርቶት ነበር። የክሊቭላንዱ ማይልስ ጋሬት የፒትስበርጉን ኳርተርባክ ሜሰን ሩዶልፍን ኳሱን ከወረወረ በኋላ ይዞ ጣለው፤ ሩዶልፍ ከታች ሆኖ የጋሬትን ሄልሜት ጎተተ፤ ጋሬት የሩዶልፍን ሄልሜት ነቅሎ በዚያው ራሱን መታው። እያንዳንዱ «የተወጋሁት እኔ ነኝ» ለማለት ምክንያት ነበረው። ጋሬት ላልተወሰነ ጊዜ ታግዶ የቀሩት ስድስት ጨዋታዎች አመለጡት፣ ሁለቱም ክለቦች እያንዳንዳቸው 250,000 ዶላር ተቀጡ።

ስለዚህ አባባሉ የሚነገረው ለተወጊው አይደለም፤ እሱ ያውቀዋል። የሚነገረው ለወጊው ነው፣ ወይም «ያለፈ ነገር ነው፣ ተወው» ለሚል አስታራቂ። ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲል «በዳዩ ቀድሞ ይናገር» ማለቱ ነው።

አለመርሳትና ቂም አንድ እንዳልሆኑ ያሳየው ራሱ ስቲንግሊ ነው። ቴተም ቀርቦ ይቅርታ ሳይጠይቀው ዓመታት አለፉ። በ2003 ቴተም በስኳር በሽታ ምክንያት ግራ እግሩን ተቆረጠ። ስቲንግሊ ስለዚህ ሲጠየቅ፣ በሌላ ሰው ላይ በደረሰ እንዲህ ባለ ነገር ሰው ሆኖ መደሰት እንደማይቻል ተናገረ። በ2007 በ55 ዓመቱ ቺካጎ ውስጥ አረፈ፤ ቴተም በ2010 ተከተለው። ከዚያች የኦገስት ምሽት በኋላ ሁለቱ ለዕርቅ ፊት ለፊት ሳይቀመጡ ቀሩ።